ሁለት ኳ

ሣጥኗን ከፈትኳት፤ አንድ ለሰባ ሁለት፣
ክንፍና ጅራቷ፣ ጎማና መስኮት፣
እንደ ቅጠል ሁሉ ከግንድ ተንጠልጥለው፣
«ቁረጪን፣ ግጠሚን፣ ቀቢን» የሚሉ መስለው።
ክዳኑ ላይ ሥዕሏ፦ ኪቲሃውክ ስትበር፣
ከላይ ነጭ ደመና፣ ከታች ወይንና ባሕር።
ከጥግ በደቃቁ እንዲህ የሚል ጽሑፍ፦
«ከብሌነም ሜዳ ታድሳ የምትከንፍ»።

ማን እንዳደሳት ግን አልጻፉም፤ ምን ገዷቸው!
አሥራ አንድ ነበርን፤ አራቱን ቀበርናቸው።

ከሰሎሞን ደሴቶች፣ ከጫካ ስትመጣ
አጥንት ነበረች፤ ዛፍ በወንበሯ በቅሎ በጣሪያዋ የወጣ።
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣
በዚያ ቆርቆሮ ቤት፣ ከነጉልበት ሕመሜ፣
እኔ ከውጭ ቆሜ በአየር መዶሻ፣
ታማቲ ከሆዷ፣ ከጨለማው ዋሻ፣
እኔ ስመታለት፣ እሱ በብረት ሲመክት፣
በመሃል ሲደፈጠጥ የሪቬቱ ጅራት።

አንተያይም ነበር። በመሃላችን ያለው
የቆርቆሮ ውፍረት ከጥፍር የሳሳ ነው።
ጩኸቱ ቃል ሲውጥ፣ ቋንቋችን ማንኳኳት፦
አንድ ኳ «ድገሚ»፤ ሁለት ኳ «በቃ፣ ጥሩ ናት»።
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህንኑ ተባባልን፤
ከዚህ የበለጠ ምን ቃል ነበረን?

አንድ ቀን፣ ሐምሌ ነው፣ ጣቴ በብርድ ደንዝዞ
መዶሻው ሸርተት አለ፣ ወደ ጎን ተጉዞ፤
ከግራ ክንፏ ስር፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ
አንዷ ተጣመመች፣ ለሚያውቅ የምትታይ።
«አሁን አንድ ኳ» ብዬ ስጠባበቅ
እሱ ሁለት መታ። ከዚያ ከውስጥ ሳቅ።
ተቆጣጣሪው መጣ፤ በባትሪ አየ፣ ፈረመ፣ አለፈ።
የበረረች ዕለት ያ ሁሉ ሰው አንጋጦ ሲያጨበጭብ
የእኔ ዓይን ከግራ ክንፏ ስር ተለጠፈ።

አራተኛው እሱ ነው፤ ባለፈው መስከረም።
መቃብር አይንኳኳም፤ አፈር ድምፅ የለውም።

አሁን በማጉያ መስታወት ረድፉን ቆጠርሁ፣
አንዴም አይደል፣ ሁለቴ፤ መነጽሬን ጠርጌ ደገምሁ።
ሁሉም ልክ ናቸው። በክር እንደተሰካ ዶቃ።
ጠማማዋ የለችም፤ በቃ።
ኮምፒውተር በሌዘር ነው ጎኗን የለካው፤
የሰውየውን ሳቅ በምን ይለካው?

መርፌ በሻማ አግዬ፣ ከግራው ክንፍ ስር፣
ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ አንዷን ገፋ አደረግኋት፣ በፀጉር
ስፋት ያህል።
የልጅ ልጄ ሮዋን ጮኸ፦ «አያቴ፣ አበላሸሻት!»
«አይ ልጄ፣ አሁን ገና እሷን መሰለቻት።»

ሁለቱን ጎኗን ከመግጠሜ በፊት
ሆዷን ተመለከትኩ፦ ባዶ ነው፣ ጠባብ ነው፣ ጣት
እንኳ አያስገባ።
ሙጫ ቀባሁ። ገጠምኩ። ያዝኩ። እስከ ስልሳ ቆጠርኩ።
ሮዋን ብሩሽ ሊያጥብ ወደ ጓዳ ሲሄድ
ጆሮዬን አስጠግቼ ጠበቅኩ።

ሞኝ አሮጊት፣ አልኩ።
ጣቴን ግን አላነሣሁም።