በሁለት ምት መሃል

ሰባት ዓመት ሙሉ መቅደድን ተማርኩኝ፤
በንሳ ዳዬ ላይ ምላጭ ይዤ ገባሁ፣ ልጅ ታቅፌ ወጣሁኝ።
«እጇ ፈጣን» ተባልኩ፣ ስሜም በዚያው ጸና፤
ለካ እጅ ብቻ ነኝ፣
ዓይን አልሆንኩም ገና።

ዛሬ ሐዋሳ ላይ፣ በአርባ ዓመቴ ዋዜማ፣
እንደገና ተማሪ ነኝ፤ ደብተር የያዝኩ፣ ወቀሳ የምሰማ።
መጋረጃው በተዘጋ ክፍል፣ ቀዝቃዛ ጄል ቀብቼ፣
የእትብቱን ደም ስር ፈልጌ አገኘሁት፤
ቆምኩኝ ጆሮዬን ሰጥቼ።

ሽው... ሽው... ሽው...
ጓደኞቼ የሐይቅ ሞገድ ይሉታል።
ለእኔ መጋዝ ነው፤ ጥርሱን አግጦ በስክሪኑ ላይ ያልፋል።

«ጫፉን አትዪ» አለኝ ዶክተር ዘውገ ከኋላዬ፣
«ጫፉንማ ማንም ያያል።
መሃሉን እዪ። ልቡ ሲያርፍ፣ በሁለት ምት መሃል፣
ደሙ ይፈሳል? ወይስ ይቆማል?»

ቆሟል።
በጥርስና በጥርስ መሃል ጥቁር፣ ባዶ መስመር።
ሃያ ዘጠኝ ሳምንት። ግፊቷ መቶ ሰባ በመቶ አሥር።

ዱካሌ ትባላለች። ከጥቁር ውሃ ማዶ ነው የመጣችው፤
ሁለት ቀብራለች፣ ይህ ሦስተኛው ነው።
«ይረግጠኛል ገና» ትለኛለች፣ ሆዷን በመዳፏ ሸፍና፤
እጄ ግን ወደ ምላጩ ሮጧል፣
የድሮ አመሉ ነውና።

«ይቺን እጅሽን እሰሪልኝ» አለ ሽማግሌው።
«ዛሬ ብታወጪው ሳንባው ያልተነፋ ከረጢት ነው።
ብታረፍጂ ደግሞ... ታውቂዋለሽ።
የዚህ ትምህርት ስሙ ነው የረዘመው፤
ነገሩ፣ እስከ መቼ እንደሚጠበቅ ማወቅ ነው።»

ስቴሮይዱን ወጋናት። ማግኒዥየሙን ሰቀልን።
አርባ ስምንት ሰዓት፣ አንድ በአንድ፣ ቆጠርን።
በየሰዓቱ ጉልበቷን በመዶሻ ነካሁ፤ እግሯ ሲዘል ተመስገን አልኩ፤
ሽንቷን በሲሲ ለካሁ፤ መብራት ሲጠፋ
ጄኔሬተሩ እስኪያጓራ ትንፋሼን ያዝኩ።
አባ ኮዳ ጣሪያው ላይ ቆሟል፣ ካፖርት እንደለበሰ ሽማግሌ፤
«ሂድ ወደ ዓሳህ» አልኩት በመስኮቱ፣
«እዚህ ድርሻ የለህም!» ድምፄ ከፍ አለ፣ አፈርኩ ከራሴ።

ሌሊት ሌሊት ጥናቴ አለ፦ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ረድፍ።
ዕድሜ፣ ሳምንት፣ ግፊት፣ ፍሰት፤
በመጨረሻው ዓምድ ውጤት፣ አንድ ወይ ዜሮ የሚጻፍ።

አንዲት ሴት ግን የለችበትም።
በንሳ ላይ፣ በክረምት፣ በቃሬዛ የመጣች፤
«ልቡ ይመታል፣ ደህና ነሽ» ብዬ የሸኘኋት፣
በሦስተኛው ቀን ሆዷ ዝም ብሎ የተመለሰች።
መሃሉን አላየሁም።
መሃል እንዳለው አላወቅኩም።
ካርድ የላት፣ ምስል የላት፣ የጥናቱን መስፈርት አታሟላም፤
ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱ ግን በእሷ ኋላ ነው የመጡት፣
ብደምር ብቀንስ ያለ እሷ አይሞላም።

በሁለተኛው ንጋት መስመሩ ወደ ታች ዞረ፤
ደሙ ወደ መጣበት ይመለሳል።
ዶክተር ዘውገ አየኝ። «አሁን ፍቺው እጅሽን።»

ፈታሁት።

ሴት ናት። ድምጿ እርጥብ በር ሲከፈት የሚያሰማው ሲጥታ።
አባቷ ሁሪሶ አሞራ ገደል ዓሳ ይሸጣል፤
ሚዛን አያምንም፣ በዓይኑ ነው የሚመዝነው።
በመስታወቱ አሻግሮ አያት፣ ቆየ፣
«ኪሎ አትሞላም» አለ፣ «ሃያ ግራም ይጎድላታል።»
ሚዛናችን ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ይላል።

አሁን በእናቷ ደረት ላይ ናት፣ በነጠላ ታስራ።
አዋላጇ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለቻት፤
ዱካሌ ጴንጤ ናት፣
ግን «አሜን» አለች፣ ደግማም «አሜን»፤
በዚህ ሰዓት ማን ይመርጣል።

ረድፍ ሁለት መቶ አሥራ ሦስትን ከፈትኩ።
ዕድሜ ሞላሁ። ሳምንት ሞላሁ።
የመጨረሻው ዓምድ እስከ ሃያ ስምንተኛው ቀን አይነካም፣ ደንብ ነው።
ዛሬ አራተኛው ነው።
በባዶው ሳጥን ውስጥ ጠቋሚዋ ብልጭ ትላለች፣ ትጠፋለች፣
ብልጭ ትላለች፣
መሃሉን አያለሁ።