ከሀርቡ የመጣ አፈር

አባቴ ከሀርቡ፣ ከማሽላው ማሳ ሥር
ላከልኝ በፌስታል የተቋጠረ አፈር፤
«ቆርቁሩ ከአገዳው ሞቶ ያገኘሁበት፣
ምን እንዳለው እዪው፤ ለዚህ አይደል ትምህርት?»

ኮምቦልቻ፣ ማይክሮስኮፑ ሥር፣ ምግቧ ሲያልቅባት፣
ባክቴሪያዋ ሁለት ነገር ቋጠረች በጠባብ ቤት፦
አንዱ ስፖር ነው፤ የክፉ ቀን ጎታ፤
ሌላው የፕሮቲን ክሪስታል፤ ለትል አንጀት ስጦታ።

ክሎራምፌኒኮሉን ለአንዱ ብልቃጥ በማለዳ፣
ለሌላው ሲመሽ ነው ጠብ ያደረግኩት።
በማለዳው ስፖር የለ፣ ክሪስታል የለ፤
ሴሎቹ ብቻ፣ እዚህም እዚያም፣
ማክሰኞ እንደሚታይ የባቲ ገበያ።
ለምሽቱ ግን ዘግይቶ ደርሷል፤
ክሪስታሉ ቀጭጯል፣ ስፖሩ ቆልፏል፤
መድኃኒት ቢያንኳኳ ማን ይከፍትለታል?

ማታ አባቴ ደወለ።
ስለ ቦርከና ጎርፍ አወራኝ፣ ስለ ጥጃዋ፣
ስለ ሳሉ መጨረሻ ላይ፦
«ጤና ጣቢያ የሰጡኝን
ሦስት ቀን ዋጥኩና ተሻለኝ፤
የቀረውን ኪኒን
ለክፉ ቀን ቋጠርኩት» አለኝ።

ዝም አልኩ።
የምሽቱን ብልቃጥ ወደ መብራቱ አነሳሁት።
ከእሱ ማሳ ነው የመጣችው፤
ልማዷን ከማን ልትወስድ?