ድስትና ዲሽ

«ድስት» ነበር ስሜ፣ በልጅነቴ ቤት፣
ሁለት ጆሮ ያለኝ፣ ማንም 'ሚያነሳበት።
ልጄን ደግሞ «ዲሽ» አሉት፤ ዘመን ተሻሻለ፤
«ዛሬ ኳስ ይስባል?» ያላለው ማን አለ?

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይባላል፤
ውሸት ነው፤ ስድቡን እሱ ቀድሞ ይሰማል።

ሚያዝያ ነው፤ ባሕር ዳር በሙቀት ስትቀቀል፣
ቃለአብ የሱፍ ኮፍያ አላወልቅም ሲል፣
እናቱ ጥሩዓለም ሌሊት አለቀሰችለት፤
ሳትነግረኝ ሄዳ ቀጠሮ ያዘችለት።
ለሞተር መግዣ ያልኳት፣ ሁለት ዓመት የቆጠብኳት፣
ያቺ ብር ወጣች፤ እየቆጨኝ ከፈልኳት።

«ልም አጥንቱ ሳይታጠፍ ቀርቶ ነው» አለና፣
ሐኪሙ በእስኪርቢቶ መስመር አሰመረና፣
«ከኋላ ቀደን፣ አጥፈን፣ በክር እንሰፋለን፤
ሳምንት በፋሻ ነው፤ ከዚያ እንፈታለን።»
ዞር ብሎም እኔን አየኝ።
«ለአዋቂም ይሠራል» አለኝ፤ ፈገግ አልኩ፤
አርባ ሦስት ዓመቴን በሁለት እጄ ዳሰስኩ።

እኔ የጀልባ ሞተር መካኒክ ነኝ፣ ወደብ፤
ሕመሙን በጆሮዬ የምለይ በደንብ።
ከዘጌ ሲነሳ፣ ጀልባው ገና ሳይታይ፣
«ቺንጋው ላልቷል» እላለሁ ቆሜ ድንጋዩ ላይ።
ይህ የአባቴ ጆሮ ነው፤ ታንኳ ሲያስር በደንገል፣
ፀሐይ ከኋላው ወጥታ፣ ቀልቶ ፋኖስ ሲመስል፣
እኔ ነበርኩ ያየሁት። ለልጄም ሰጠሁት፣
ሳይጠይቀኝ። ዛሬ ደግሞ ፈርሜ ቀማሁት።

ከቀዶ ጥገና ወጣ፣ ነጭ ፋሻ ጠምጥሞ፤
የጎረቤት ልጅ ሮጦ፣ ከፊቱ ላይ ቆሞ፣
«ይፍቱኝ አባ» አለው። ሳቀና፣ ስፌቱ
ቢጎትተው ጮኸ፤ ደነገጠች እናቱ።

በስምንተኛው ቀን ፋሻው ተፈታለት፤
መስታወት ሰጡት፤ ዝም ብሎ አፈጠጠበት።
አብጧል፤ ጠርዙ ጠቁሯል፤ ግን ተኝቷል፣ ተለጥፎ፣
እንደ ሰው ልጅ ጆሮ፣ ከራስ ቅሉ አርፎ።

ከዚያ ጣና ዳር ወረድን፤ ኮፍያው በኪሱ።
ጉማሬ ብቅ አለ፣ ታየ ግማሽ ራሱ፤
ሁለት ትንንሽ ጆሮ፣ ቆመው፣ ተገትረው፣
አርገፈገፋቸው፤ ውኃው ሲረጭ አየነው።
«አባዬ፣ አንተስ መቼ?» አለኝ። ዝም አልኩት።
ከወዲያ ማዶ አንድ ሞተር ሲያስል ሰማሁት፤
ቺንጋ አይደለም ይሄ።
መዳፌን ከጆሮዬ ጀርባ ደገፍኩና፣
ወደፊት ገፋሁት፤ ልስማው እንደገና።
ቃለአብም እጁን ሰደደ፤
ተወው፤ ያመዋልና።