የነቀዝ መድኃኒት

ከቆላ ድባ ጎንደር፣ በበረዶ ታሽጎ፣
የይርዳው ጨጓራ መጣ፣ ብልቃጥ ውስጥ ተደርጎ።
ቁጥሩ ሠላሳ አንድ፣ ዕድሜው ስድስት ዓመት።
ፖሊሱ አስፈርሞኝ ሹክ አለኝ በድንገት፦
«አንጓች ናት ይላሉ፣ ሸክላ ሠሪዋ፤
መድኃኒት አብልታ፣ ወይ በክፉ ዓይኗ።
ጣቢያ ናት። ቤቷንም ሰው አቃጥሎታል።»

ጓንቴን አጠለቅሁ። አሲዱ ይሞቃል።
ከብልቃጡ አፍ ወረቀት፣ በብር ጨው የራሰ፣
ነጭ ነበር፤ ጠበቅሁ፤ ጥቁረት ለበሰ፣
ሣጥን ውስጥ እንደከረመ የብር መስቀል።
ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይላል።
ዓይን እንዲህ አይሸትም።

ደወልኩ፦ «ልጁ የት ነበር የተኛው?»
«ከጎታው ሥር» አለኝ። «አባቱ ባለፈው
ሽምብራው እንዳይነቅዝ ኪኒን ጥሎበታል፤
መድኃኒት ነው ብለው ገበያ ሸጠውለታል።»

መድኃኒት። ያችው ቃል፣ አንጓችን ያሳሰረች፣
ኪኒኑን ይዛ ነው ጎታው ሥር ያደረች።

ጻፍሁ፦ «ፎስፊን፣ ተገኝቷል።» ፊርማ፣ ማኅተም።
ቅጹ ላይ «የማን እጅ» የሚል ሣጥን የለም።
አንጓች ትፈታለች፤ ወደ የትኛው ቤቷ?

ከመስኮቱ ወዲያ ማራኪ ሲነጋ
አሰብሁት ያን አባት፣ ጎታውን ሲዘጋ፣
ለልጁ ክረምት ስንቅ ነቀዙን ሊዋጋ።
ውጤቱን ፖሊሱ መጥቶ ይወስዳል።
ለአባትየው ግን፣
ማን ያነብለታል?