ቀለም ቆጣሪዋ

ቬንታ ወንዝ ታጥፎ ከተማዋን ሲያልፍ፣
ከድልድዩ ወዲህ፣ ከሊንደኖች ሰልፍ፣
የተልባ ነጋዴው የሩድሎፍ መኖሪያ
በሸራ ተጠቅልሎ ይጠብቃል ጣሪያ።

ሙዚየም ነው ዛሬ። ዕቃው ግን ተጭኗል፣
ከትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ ገብቷል፤
እንዝርቱ፣ ሚዛኑ፣ የሐኪሙ ሣጥን፣
አንድ እግሩ የጠፋ የበረዶ ጫማ፣
ከመረቡ በታች፣ ኳስ እንደሚጠብቅ ቡድን፣
ጎን ለጎን ተቀምጠዋል በጨለማ።

ዜልማ ግን እዚያው ናት፤ ከበሩ መቃን ሥር
ተንበርክካ፣ በምላጭ፣ ቀለም ስትቆጥር።
ሰው ቀለም ቆጠርኩ ሲል ፊደሉን ነው ማለቱ፤
የእሷ ግን ይላጣል፣ ይሸታል ዘይቱ።
ቴምብር የምታህል መስኮት ከፈተችና
ወረደች በዘመን፣ ጉድጓድ ቆፋሪ ሆና፦
ነጩ የትናንት ነው፣ በችኮላ ያለፈ፤
ግራጫው የቢሮ፣ ማኅተም የለጠፈ፤
ቡናማው የማን ነው? ማንም አልጻፈውም፤
አረንጓዴው የሕፃናት፣ እሱ አይጠፋትም።
አሥራ አንድ ደረሰች። ከሁሉም በታች
ክሬም፣ የሩድሎፍ ክሬም፣ እንደ ወተት ተኛች።

ከሪጋ የመጣው ደብዳቤ አጭር ነው፦
“ቤቱ ወደተሠራበት ዓመት ይመለስ።”
ዓመት ሰፈር ይመስል፣ በእግር የሚደረስ።

አናጢው ኢንትስ መጣ፣ እርሳስ ከጆሮው ላይ፣
መቃኑን አንኳኳ፣ እንደ ሐኪም ሊያይ።
“ብስብሱ ከታች ነው፤ እስከ ወገብ ወጥቷል፤
ልቆርጠው ነው” አለ፣ “ደረቅ ጥድ ተገኝቷል።”

መጋዙ ሊያርፍ ሲል ዜልማ “ቆይ!” አለች፤
ከቡናማው በታች አንድ መስመር አየች።
ቀስ ብላ ላጠችው። የልጆች ቁመት፤
ከጭረቱ ጎን ስም፣ ከስሙ ጎን ዓመት።

“ስካይድሪቴን ጥሯት።” ጠባቂዋ መጣች፣
ሰማንያ ዓመቷን በደረጃው አወጣች፣
መነጽሯን ጠርጋ፣ ጎንበስ ብላ አነበበች፦
ስካይድሪቴ፣ አርባ ስምንት።
ስካይድሪቴ፣ አርባ ዘጠኝ፤ አራት ጣት ከፍ ብላ።
ስካይድሪቴ፣ ሃምሳ።
ከእሷ ጎን ኦያርስ። ኦያርስ፣ አርባ ስምንት።
ከዚያ በላይ አረንጓዴ፣
አረንጓዴ ብቻ።

መጋቢት ነበር፤ ባቡሩ በሌሊት ነው የሄደው።
ይህን ግን አላለችም። ያለችው ይህን ነው፦
“ጫማውን አቀያይሮ ነበር የሚያደርገው፣
ግራውን በቀኝ። እኔ ነበርኩ የማቃናው።”

ኮሚቴው ሦስት ጊዜ ተሰበሰበ።
“ደንብ ደንብ ነው” ተባለ፤ ሻይ ቀረበ፤
“ክሬም ቤት፣ አንድ እግሩ አረንጓዴ በር!
ሰው ገንዘብ አለቀባቸው ይለናል” የሚልም ነበር።
ኢንትስ ስብሰባ አይወድም። ወረደና፣
መጋዙን አነሣና፣
ከኦያርስ ጭረት ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ ቆረጠ፤
ለቀረው ብስብስ ሙጫ አጠጥቶ ዕድሜ ሰጠ።

የሪጋው ተቆጣጣሪ በጥቅምት መጥቶ
ከመቃኑ ፊት ቆመ፣ ባርኔጣውን አንሥቶ።
ምንም አልጠየቀም። በመዝገቡ ጻፈ፦
“ሥራው ተጠናቋል።
ቀሪ፦ አንድ የበር መቃን፣ ለሚቀጥለው ዓመት።”
ከዚያ ወዲህ ስንት ክረምት አለፈ፤
ያ ዓመት አሁንም “የሚቀጥለው” ነው።

ጣሪያው ቀይ ሸክላ ነው፤ ክሬሙ ያበራል፤
ያ አንድ እግር ጫማም ከመስታወቱ ገብቷል።
ስካይድሪቴ ትኬት ቆርጣ ሰው ታስገባለች፣
ስለ ሩድሎፍ ሳህን፣ ስለ ተልባ ዋጋ ታወራለች፤
ወሬዋን ሳታቋርጥ፣ በዚያ በር ስታልፍ፣
እጇ ዝቅ ይላል፣ ከወገቧ ሊያርፍ፤
የሕፃን ራስ ቁመት ባዶ አየር ይነካል።
ከዚያ “በዚህ በኩል” ትላለች፤ ሰው ይከተላል።