የሰም ጉሮሮ

ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ከቆርቆሮው አጥር፣
ጉሙ ከጨሞጋ ወጥቶ ሳይበተን ከሰፈር፣
አንማው ሰም ያቀልጣል፣ በዘይት ጣሳ፣ በከሰል፤
የደምበጫ ሰፈፍ ነው፣ የንብ ክንፍ ያልለቀቀው፣ ጢሱ ማር ማር የሚል።
«ቅኔ ቤት ሳለሁ» ይላል፣ ጣቱን በሰሙ ነክሮ፣
«ሰም ስፈታ ኖርኩ እንጂ አልዳሰስኩም ነበር፤ ይኸው ነካሁ ዘንድሮ።»
ሁለት ዓመት ተቀኝቷል፤ ጉባኤ ቃናን ዘልቆ
ከዘአምላኪየ ደጃፍ ቀረ፣ በአንድ የጭነት መኪና ድምፅ ልቡ ተሰርቆ።
እኔ ረዳቱ ነኝ፣ ካቻቢቴ አቀባይ፤
ስሜ ደሞዝ ይባላል፤ ደሞዝ ግን የለኝም እስካሁን የሚታይ።

መኪናዋ አልፋ ነች፤ ባለሁለት ወንበር፣ ጣሪያዋ ሸራ የነበረ፣
ቀይዋ፣ ፀሐይ እንደመታው በርበሬ፣ ወደ አፈር የዞረ።
የቲቸር ጥሩዓለም ናት፤ ሒሳብ ያስተማሩን፣
ኮሳይንን በጠመኔ ስለው ያስፈራሩን።
ባላቸው ትተውላቸው ዶሮ ዐሥር ዓመት ወንበሯ ላይ ዕንቁላል ጣለችባት፤
«ይሽጧት» ሲሏቸው «ትሂድ» አሉ፤ አይሱዙ በገመድ ጎትቶ አመጣት።

ችግሩ ጉሮሮዋ ነው።
በአንድ ካርቡራተር፣ በአንድ ጠባብ አፍ አራት ሲሊንደር ሲጎርስ፣
መኻሎቹ ይጠግባሉ፤
ዳርና ዳር ያሉት ጦም ያድራሉ፣ ሌላው እስኪቆርስ።
«አንድ ገበታ ላይ ዳር የተቀመጠ ለምን ይራባል?» አለና
ከባሕር ዳር አሮጌ ዕቃ ተራ
ሁለት ባለመንታ አፍ ካርቡራተር ይዞ መጣ እንደገና።
ግን የሚያርፉበት ማኒፎልድ በገበያ የለም፤
ፈልገን ደክመን ሳለ፣ ይኸን ጊዜ ነው ሰም።

አራት የጭቃ ዱላ አደረቀ፤ ሰሙን በላያቸው ጠቀለለ፤
በምላጭ ፋቀው፣ በላምባ ጨርቅ አሸው፣
ዐይኑን ጨፍኖ ዳሰሰው፣ «እዚህ ጋ ይጎረብጣል» አለ።
በጭቃና በፈረስ ፋንድያ ለበጠው፤ እሳት አስገባው፤
ሰሙ በታች ቀዳዳ ወጥቶ ፈሰሰ፤ መሬቱ ጠጣው።
ባዶ ቀረ ቅርፁ፤ የሌለ ነገር ቤት።
ሦስት ያረጁ የአይሱዙ ፒስተኖች ቀልጠው ገቡበት።
«ይኸ ነው ወርቁ?» አልኩት።
«አሉሚኒየም ነው» አለ። «አትቀላምድ፤ ያዝ ጉጠት!»
ጭቃው ሲሰበር ታየ፤ ሸካራ፣ ግራጫ፣ አንዱ ጉሮሮ ላይ ጠባሳ፤
ሦስት ቀን ሞረድኩት፣ ክንዴ የኔ መሆኑን እስኪረሳ።

ከዚያ ቅኝት መጣ። አንዱ የጎማ ቱቦ ጫፍ በጆሮው፣
ሌላው ጫፍ በያንዳንዱ አፍ ላይ፣ ትንፋሹን ሊቆጥረው፤
«ይኸኛው ያፏጫል፣ ያኛው ያንኮራፋል» ይላል፤ ሩብ ዙር ብሎን፣
እንደገና ሩብ ዙር፣ አራቱም አንድ «እስስስ» እስኪሆን።

ማርቆስ ላይ ዘለለች። ሉማሜ ላይ ቲቸር ጥሩዓለም ሳቁ፤
ሻሻቸውን ነፋስ ወሰደው፤ «ተወው!» አሉ፤ ስለሻሹ ዳግም አልጠየቁ።
አንማው ጎናቸው፤ እኔ ከኋላ፣ ከመፍቻ ሣጥኑ ጋር ተጣጥፌ።
ግን ዓባይ በረሃ፣ ቁልቁለቱ ሲያልቅ፣ ድልድዩ ሲታይ፣
ተንተባተበች፤ በካርቡራተሩ አስነጠሰች፤
ዝንጀሮዎቹ ዘለው ወጡ ወደ ላይ።
ለደጋ ነዋ የተቃኘችው! ለቀጭን አየር፣ በትንሽ ቀዳዳ፤
የቆላ አየር ወፍራም ነው፤
ያ ጄት የሚያጠጣው ቤንዚን አይከፍልም የዚያን ዕዳ።
አንማው ከደረት ኪሱ በወረቀት የተጠቀለለ የነሐስ ፍሬ አወጣ፤
«የቆላ ጄት» አለ። ካቻቢቴ አቀበልኩ። ላቡ የጋለው ሞተር ላይ ተንጣጣ።

ሄደች። ዳገቱን ያዝን። ግማሽ ላይ ደግሞ ጥቁር ጢስ፤
ጠግባ ማርሚታዋ እንደ ኩራዝ የሚያጨስ።
እንደገና ቆምን።
«ለሁለቱም የሚሆን አንድ ቁጥር የለም?»
አሉ ቲቸር፤ ሒሳብ ናቸው፤ መልስ የሌለው ጥያቄ አይወዱም።
አንማው ገደሉን አየ፤ «የለም» አለ።
የደጋውን ፍሬ ከካቻቢቴው ጋር መዳፋቸው ላይ አኖረላቸው፤
«ወደ ግራ ይፈታል» አለ፤ ሌላ ነገር አልነገራቸው።
ቲቸር መነጽራቸውን ጠረጉ፤ ዙሩን ጮክ ብለው ቆጠሩ፤
ተሳቢዎች በጎናችን ጥሩምባ እየነፉ ዞሩ።
የሚቀበለው ያጣ እጄን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁ፤
ከጥፍሬ ሥር ሰፈፍ አለ፤ ከቤንዚኑ መኻል ማር አሸተትሁ።