ድምፄ በኩባያ

ሐኪሙ ጉሮሮዬን በመብራት ጎብኝቶ፣
«ከቀዶው በኋላ አርባ ቀን ዝም በል» አለኝ ካርዴን ሞልቶ።
ሃያ ስድስት ዓመት ጠመኔ የቃመ፣
በሰባ ሁለት ልጅ ጫጫታ የደከመ፣
ጉሮሮ ነውና አልተከራከርኩም።
ግን አዋሽን ገና አላስተማርኩም።

«ምትክ የለም» አሉኝ ርዕሰ መምህሯ፣
ዓይናቸው ሳይወርድ ከሚያፈሰው ጣራ።
ትርሲት የሂሳቧ ግን ሳቀችብኝና፣
«ይቺን ቀይ ነጥብ ይጫኑ፣ ያውሩ፣ ሲበቃዎት ይድገሙና
አለቀ፤ ኢንተርኔት አይሻ፣ ካርድም አይበላ፣
ይሄው ነው፣ ጋሼ፣ የለውም ሌላ።»

ምሽቱን ሰንጋ ተራ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣
ብርድ ልብስ ተከናንቤ፣ አበደ ብሎ ሰው እንዳያይ፣
ባዶ አየር ሳስተምር፣ አዋሽን ስነዳ፣
ከጊንጪ አውርጄ ቆቃ ላይ ሳሳድር ልክ እንደ እንግዳ፣
ሚስቴ በር ከፍታ፦ «ሽሮው ቀዘቀዘ!»
እሱም አብሮ ገባ፣ ተቀዳ፣ ተያዘ።
የታክሲው ረዳትም፦ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!»
መቁረጥ፣ መቀጠሉን አላውቅበት እኮ።

ከቀዶው በኋላ፣ ሰኞ፣ ሰባተኛ «ለ» ዝም ብዬ ገባሁ፣
ስልኬን ብረት ኩባያ ውስጥ አቁሜ ወደ መስኮቱ ራቅ አልሁ።
(ድምፅ ማጉያ መግዣ ትምህርት ቤቱ የለው፣
ኩባያ ግን አለ፤ የጎረምሳ ድምፅ ነው ያለው።)

«እንደምን አደራችሁ?» ሲል፣ ተነስተው በአንድነት
«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉት ኩባያውን፣ ሳይስቁበት።
ከዚያ በግምት የከተትኳት ቁጣ ደረሰች፣ ሰዓቷን ጠብቃ፦
«የኋላው! አንተን ነው!» ናኦል ቀጥ አለ፣ ወሬዋ አፉ ላይ ደርቃ።
የሽሮው ተራ ሲደርስ ግን ክፍሉ ፈረሰ፣
ሳቁ ከግድግዳ ግድግዳ ተመላለሰ።
እኔም ሳቅሁ፣ ያለ ድምፅ፣
በትከሻዬ ብቻ።

አፌ ሥራ ፈትቶ፣ ዓይኔ ሥራ ያዘ።
የዮናታን ጫማ ከካልሲው ጋር ረጥቧል፣ እግሩ ደንዝዟል።
ፍሬሕይወት እርሳሷን ለሁለት ሰብራ ለወንድሟ አካፍላለች።
ኢክራም ደግሞ፣ ያቺ ጎበዝ፣ ያቺ ደብተሯ የሚያምር፣
ሰሌዳውን አታይም።
አንድም ቀን አታይም ነበር።
ከጎኗ ልጅ ደብተር ነው ለካ የምትገለብጠው፣
አንገቷን ሰበር አድርጋ፣
እኔ ጨዋነት የምለውን።

ስንት ዓመት ስጮህ ስንቱን አልፌዋለሁ?

ኩባያው ቀጠለ፦ «አዋሽ ግን እንደ ዓባይ
ባሕር አይገባም፤ በረሃ ለበረሃ ሄዶ፣ ሄዶ፣ ደክሞ...»
ጠፋ።
ባትሪ።
ትርሲት ይሄን አልነገረችኝም።

ሰባ ሁለት አንገት ወደ እኔ ዞረ።
አፌን ከፈትኩ፣ ሐኪሙ ትዝ አለኝ፣ ዘጋሁ።
ውጪ አንድ መኪና ክላክስ አደረገ።
ያኔ ኢክራም፣ ዓይኗን ጨፍና፣
«አቤ ሐይቅ ይቀራል» አለች።

ጠመኔ አነሳሁ። ትልልቅ አድርጌ፣
«ኢክራም፣ ነይ ወደ ፊት ተቀመጪ» ብዬ ጻፍኩ።
አላየችውም።
ጓደኛዋ በጆሮዋ አነበበችላት።